አሸዋው ላይ የዘረጋሁት ላስቲክ

ይህ ታሪክ ለመጻፍ የሚበቃ መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ ቤት አልተቃጠለበትም። የጠፋው የአንዲት ላምና የአንዲት ጊደር ነፍስ ነው። ሆኖም ካለፈው የካቲት ጀምሮ አብሮኝ ይተኛል፤ አብሮኝ ይነሣል። ክፍል ውስጥ መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ «የሚያውቅ አለ?» ባለ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። ለምን እንደሚቀላ ለጓደኞቼ ተናግሬ አላውቅም። እዚህ ለመናገር እሞክራለሁ።

ጎንደር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የተወለድሁት ቆላ ነው፤ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ ከሚወስደው መንገድ ግራ ገባ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ። ከቀበሌያችን አሥራ ሁለተኛን አልፌ ኮሌጅ የገባሁ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለመኩራት አይደለም፤ ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ነው።

በቀበሌያችን ዳር ወንዝ ያልፋል። ስም አለው፤ እኛ ግን «አሸዋው» እንለዋለን፤ ምክንያቱም ከክረምት በቀር ውሃ አይታይበትም። በጋውን ሙሉ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ነው። ውሃው ከሥር ስለሚቀር እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀዳል። ከብትም የሚጠጣው ከዚያው እየተቀዳ ነው።

በመከር ጊዜ ከደጋ የሚመጡት የሰሊጥ አጫጆች የሚያድሩትም አሸዋው ላይ ነው። ጥቁሩ አፈር ጭቃና እባብ ይበዛበታል፤ አሸዋው ግን ደረቅ ነው። የሚሠሩበት እርሻ ለመጠለያ የሚሆን ላስቲክ ያድላቸዋል። አጨዳው ሲያልቅ ላስቲኩን እዚያው ጥለውት ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። እኔ ትንሽ ሳለሁ የተጣለ ላስቲክ ብርቅ ነበር፤ ሰው ተሻምቶ ይወስደው ነበር። ከዓመት ዓመት እየበዛ ሲመጣ ግን የሚያነሣው ጠፋ። ግማሹ በአሸዋ ተቀብሮ ግማሹ ወጥቶ ይታያል። እሾህ ላይ ተሰቅሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ያጨበጭባል። የጨው ከረጢቱ፣ የተበጣጠሰው ጫማ፣ የተሰነጠቀው ጀሪካን፣ ሁሉም እዚያ ነው። ጎረቤታችን ካሣ ቀድሞ የትራክተር ሾፌር ነበር፤ «ሰሊጡ ወደ ወደብ፣ ላስቲኩ ወደ እኛ» እያለ ይቀልዳል።

በየካቲት የግማሽ ዓመቱ ፈተና አልቆ ለዕረፍት ወደ ቤቴ ሄድሁ። ሰው ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ደግሞ አንድ ነገር ነበር። «ምን ተማርህ?» ይሉኛል። የተማርሁት ሒሳብና ኬሚስትሪ ነው። ምን ብዬ ላስረዳ? እንግሊዝኛ ተናገር ሲሉኝ ጥቂት ተናገርሁ፤ ሳቁ፤ ከዚያ ለመሄድ ተነሡ። ደጅ ሲደርሱ አንዱ «እና ሐኪም አልሆነ?» ሲል ሰማሁት። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔም ከመመለሴ በፊት የተማረ ሰው የሚሠራውን አንድ ነገር ሠርቼ ላሳያቸው ቆረጥሁ።

የሚሠራውን ነገር ያገኘሁት እትዬ ስንዱ ጉድጓድ አጠገብ ነው። እትዬ ስንዱ የእናቴ ወዳጅ ናቸው። ከወገራ ከባላቸው ጋር ነበር የመጡት፤ ባላቸው ወደ ሰሜን ዘምተው ወሬያቸው ከጠፋ ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ሁለት ሴት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ቦራ በምትባል አንዲት ላም ነበር።

ቦራ የራሳቸው አልነበረችም፤ የርቢ ላም ነበረች። የርቢን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። ከብት የበዛለት ሰው ላሙን ለሌላው ይሰጣል። ጠባቂው ወተቱን ይጠጣል፤ ጥጃው ግን በተራ ነው፤ የመጀመሪያው የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የጠባቂው ይሆናል። ላሟ ብትሞት ጠባቂው ቆዳውን ይዞ ባለቤቱ ዘንድ ይሄዳል። በበሽታ ከሞተች ምንም የለበትም። በቸልተኝነት ከሆነ ግን ድርሻውን ያጣል፤ ከዚያ በኋላም ከብት የሚያምነው ሰው አያገኝም። የቦራ ባለቤት አያ ባየህ ይባላሉ። የመጀመሪያውን ጥጃ ወስደዋል። ሁለተኛዋ ጊደር የእትዬ ስንዱ ነበረች፤ በሚመጣው ዓመት ትወልዳለች ተብላ ትጠበቅ ነበር። ለእትዬ ስንዱ በሕይወታቸው የመጀመሪያዋ የራሳቸው ከብት እሷ ነበረች።

ያን ቀን ሳያቸው የጭቃ ገንዳቸው ተሰንጥቆ ነበር። በበጋ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሴቶቹ ከወንዙ ዳር ጥቁር አፈር ያመጣሉ፤ በጭድና በእበት ያቦኩታል፤ አሸዋው ላይ ገንዳ ይሠሩበታል። ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ይሰነጠቃል። ለከብት የተቀዳውን ውሃ ግማሹን አሸዋው ይጠጣዋል። እትዬ ስንዱ ለሁለት ከብት የአራቱን ያህል ይቀዱ ነበር።

አጠገባችን አንድ ሰፊ ላስቲክ ወድቆ ነበር። አነሣሁና አራገፍሁት። አሸዋውን በእጄ ዝቅ አድርጌ ቆፈርሁ፤ ላስቲኩን ዘረጋሁበት፤ ጠርዙን በድንጋይ ጫንሁት። አምስት ቅል ውሃ አፈሰስን። ውሃው እንዳለ ቆመ። እትዬ ስንዱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አመሻሹ ላይ ሰው ተሰበሰበ። የአገሩ ሽማግሌ አባ ተገኘ ላስቲኩን በከዘራቸው ነካ አደረጉት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ገንዳ ነው አባ።»

«ጭቃ የሌለው ገንዳ?»

«አሸዋው ውሃውን እንዳይጠጣው ነው።»

«ወይ ጓድ ምሁር!» አለ ካሣ። «ሚስቶቻችን በጭቃ ሲለወሱ ኖሩ፤ አንተ በአንድ ቁራጭ ገላገልሃቸው። ይኼን ለመማር ነው ጎንደር ድረስ የሄድኸው?»

ሁሉም ሳቁ፤ የማሾፍ ሳቅ ግን አልነበረም። አባ ተገኘ «የተማረ ይግደለኝ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። እናቴ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ሲበራ አየሁ።

ቆይታ ግን የላስቲኩን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «ጨው ጨው ይላል ይኼ ነገር። የሠራተኛ ላብ ነው መሰለኝ» አለችኝ። «ታጥቧል እማዬ» አልኋት።

በሳምንቱ አሸዋው ላይ የጭቃ ገንዳ የሚሠራ ጠፋ። የተጣለው ላስቲክ ሁሉ ተለቀመ፤ እንደ ድሮው መሻማት ተጀመረ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በስብሰባ ስሜን ጠርቶ እንደሚያመሰግነኝ ነገሩኝ። ወደ ጎንደር የምመለሰው ስብሰባው ከተደረገ በኋላ ነበር።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ወደ አሸዋው ወረድሁ። እትዬ ስንዱ እዚያ አልነበሩም። ቦራ ብቻዋን ገንዳው አጠገብ ቆማ ታላምጣለች። ሣር በሌለበት ምን ታላምጣለች ብዬ ተጠጋሁ። ከአፏ የላስቲክ ጫፍ ተንጠልጥሎ ነበር። ይዤ ሳብሁት፤ አንድ ክንድ ያህል በልጋግ ተለውሶ ወጣ። ጫፉ ግን የተበጠሰ ነበር። ገንዳው ጋ ስመለከት ጠርዙ ከአንድ ጎን ሙሉ በሙሉ ጎድሏል። በእጄ ያለው የጎደለውን ሩብ እንኳ አይሞላም።

ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም።

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ ያሰብሁት ስለ ላሟ አልነበረም። በማግስቱ ስሜ ሲጠራ ምን እንደምል ነበር የማስበው። የተረፈውን ላስቲክ አስተካክዬ ዘረጋሁት፤ ትላልቅ ድንጋይ ጫንሁበት፤ ከአፏ ያወጣሁትን ወደ ጉድጓዱ ማዶ ወረወርሁት። በማግስቱ ስሜ ተጠራ፤ ሰው አጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ለፋሲካ ስመለስ ቦራ ሞታ ጠበቀችኝ።

እናቴ እንደነገረችኝ ከመጋቢት ጀምሮ ከስታ ነበር። ነገር ግን በበጋ የማይከሳ ከብት የለምና ማንም ልብ አላለውም። በሕማማት ግራ ጎኗ ተነፋ፤ ማመስኳት ተወች፤ ዓርብ ስቅለት ሞተች። ሳይባረክ የሞተ ከብት በክት ነው፤ በእኛ አገር ቆዳው ይገፈፋል እንጂ ሆዱ አይከፈትም። ቆዳዋን ገፈው ሬሳዋን ወደ አሸዋው ማዶ ጎትተው ጣሉት።

በፋሲካ ጠዋት እትዬ ስንዱ መጡ። ለበዓል የታጠበ ቀሚስ ለብሰዋል።

«ታከለ ልጄ፣ እንኳን አደረሰህ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን እትዬ።»

«ሰማህ አይደል? ቦራዬ ተለየችኝ።» መደቡ ላይ ተቀመጡ። «አንተ ተምረሃልና ልጠይቅህ ነው። ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ መብላት እያማራት መዋጥ እያቃታት፣ እንዲህ ያለ በሽታ በመጽሐፍ አለ? ስም ካለው ስሙን ንገረኝ፤ ለአያ ባየህ የምለው እንዳገኝ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ ትጠብቃለች።

«አላውቅም እትዬ» አልሁ።

«አይ፣ አንተም ገና ልጅ ነህ እኮ» አሉኝ። እያጽናኑኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ከአሸዋው ዳር ካለው ሾላ ሥር ነው። ስምምነቱን የሚጽፍ ሰው ያስፈልግ ነበርና እኔን ጠሩኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

አያ ባየህ ቆዳውን መሬት ላይ ዘረጉት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ይኸው ተመልከቱ። ቁስል የላት፤ መዥገር የላት። ተነፍታ ነው የሞተችው። ከሆሳዕና በፊት ያለ ጊዜው ዝናብ ጥሎ ከታጨደው ማሽላ ሥር ቀንበጥ አቆጥቁጦ አልነበር? ቀንበጥ በልታለች። ጠባቂ ያላት ላም ቀንበጥ አትበላም።»

ለጋ የማሽላ ቀንበጥ ከብትን ነፍቶ እንደሚገድል በቆላ የማያውቅ የለም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

«አላስገባኋትም» አሉ እትዬ ስንዱ።

«እንግዲያው ይማሉ» አሉ አያ ባየህ። «ከማሉ ጊደሯም የሳቸው፣ እኔም የለሁበት።»

አባ ተገኘ ዞሩ። «ስንዱ፣ ‹ቦራ ማሽላ ውስጥ አልገባችም› ብለሽ ትምያለሽ?»

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አባ፣ ሕማማት ነበር። ስሰግድ ውዬ፣ ውሃ ስቀዳ ውዬ፣ ከሾላው ሥር ጋደም ያልሁበት ቀን አለ። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ይሆናል። አልገባችም ብዬ አምናለሁ። ዓይኔ ያልጠበቀውን ግን አልምልም።»

«ኧረ ይማሉ እትዬ!» አለ ካሣ ከኋላ። «ለአንዲት ሽልብታ ጊደር ያህል ነገር ይሰጣል?»

«አንተ ማልልኝ እንግዲህ» አሉት። ጥቂት ሰው ሳቀ።

በልማዱ መሠረት አባ ተገኘ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ጊዜ ጠየቁ። «በዚህ ነገር የሚያውቅ አለ?» አሉ። ዝም። «ያየ የሰማ አለ?» ዝም። ሦስተኛውን ሲጠይቁ እኔ ወረቀቱን እያየሁ ነበር። የእስክሪብቶዬን ክዳን ከፈትሁ፤ ዘጋሁ፤ ከፈትሁ።

«ጻፍ እንግዲህ ልጄ» አሉኝ።

«ላሟ የሞተችው በጠባቂዋ ቸልተኝነት በመሆኑ» ብዬ ጻፍሁ። ጊደሯ ለአያ ባየህ እንድትመለስ ጻፍሁ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜም ያመሰግኑኛል።

እትዬ ስንዱ የጣት አሻራ አላሉም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል፤ ያስተማርኋቸውም እኔ ነኝ፤ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርሁ። እስክሪብቶውን አጥብቀው ይዘው «ስንዱ» ብለው ጻፉ። ቀና ብለው «ልክ ነው?» አሉኝ።

«ልክ ነው» አልሁ።

ጊደሯ በዚያው ቀን ተነዳች። እትዬ ስንዱ ገመዷን ፈትተው ሰጡ፤ እስክትሰወር ድረስም በራቸው ላይ ቆመው አዩዋት።

በማግስቱ ብቻዬን ወደ አሸዋው ማዶ ሄድሁ። አሞራና ጅብ ሥራቸውን ጨርሰው ነበር። የጎድን አጥንቱ ቆሟል። መካከሉ ላይ የሰው ራስ የሚያህል አንድ ነገር ወድቆ ነበር። በእንጨት ገለበጥሁት። ላስቲክ ነው፤ ከሣር ጋር እንደ ገመድ የተገመደ፣ የጠነከረ። ጅብ አጥንት ይቆረጥማል፤ ያን ግን ትቶት ሄዷል።

ይዤው ወደ ሾላው ሥር መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን አሸዋውን ቆፍሬ ቀበርሁት። ከዚያ እጄን ታጥቤ ወደ ቤት ገባሁ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ጎንደር ተመለስሁ።

በግንቦት ማጥናት አልቻልሁም። ለእናቴ ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድሁት። ክረምት ቤቴ ስገባ እናገራለሁ፣ ጊደሯን ለእትዬ ስንዱ አስመልሳለሁ ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እንዲህ ካሰብሁ በኋላ ትንሽ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ፈተና ጨርሼ በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ቤቴ ስደርስ እናቴ ገና ሳልቀመጥ በሹክሹክታ አወራችኝ። የአያ ባየህ ጊደር ታማለች። ግራ ጎኗ ተነፍቷል፤ አታመሰኳም።

«አሁን ለጋ ቀንበጥ የለ ምን የለ። ሰው የስንዱ ዓይን ነው ይላል» አለችኝ። «ስትነዳ ቆማ አየቻት አሉ። ሰላም የሚላት ጠፋ። ትናንት ልጇ እሳት ልትጭር ብትመጣ እነዚያ ጎረቤቶቻችን በር ዘጉባት።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሰጠኋት። ግን ፈራሁ፤ ምን እንደምል አላውቅም።»

በእኛ አገር ዓይን አላት የተባለች ሴት ከዚያ በኋላ ሰው አትሆንም። ልጆቿን የሚያገባ የለም፤ እሷን የሚቀብር እንኳ ይጠፋል። ጊደሯ ደግሞ እንደ እናቷ በራሷ ከሞተች በክት ናት፤ ማንም ሆዷን አይከፍትም። ነገሩ በእትዬ ስንዱ ስም ላይ ለዘላለም ይቀራል።

እዚያው ቆሜ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኋት። ከቦራ አፍ የሳብሁትን፣ አጥንቷ መካከል ያየሁትን፣ የቀበርሁትን። እናቴ አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እስከ ዛሬ አፍህ የት ነበር?»

ሚካኤል ደርሶ ነበርና በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ አባ ተገኘ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ሾላው ሥር ተሰበሰበ፤ አያ ባየህም የታመመችውን ጊደር እየነዱ መጥተው ከዛፉ አጠገብ አሰሯት። እትዬ ስንዱ ከሁሉም ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር።

ተነሥቼ ተናገርሁ። ስጨርስ መጀመሪያ የተናገሩት አያ ባየህ ናቸው።

«ላስቲክ ላም ገደለ ነው የምትለኝ? የት አለ ማስረጃው?»

«ቀብሬዋለሁ፤ ቆፍሬ አሳያችኋለሁ።»

«አሸዋው ቢቆፈር ከላስቲክ በቀር ምን ይወጣል?» አለ ካሣ። «ከቦራ ሆድ የወጣውን ከሌላው በምን ትለየዋለህ? ስሟ ተጽፎበታል?»

እውነቱን ነው። ያን ጊዜ አንድ መንገድ ብቻ እንደቀረ ገባኝ። «ጊደሯ ነፍሷ ሳይወጣ ትታረድና ይታይ» አልሁ።

ሁከት ሆነ። የሰኔ ጾም ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። «በሐዋርያት ጾም ማን ያርዳል? ሥጋውንስ ማን ሊበላው?» አሉ። አያ ባየህ ደግሞ «በዚህ ልጅ ቃል ነፍስ ያላትን ጊደር አላርድም፤ ልትድን ትችላለች» አሉ።

እናቴ ተነሣች። ሴት በሽማግሌ ፊት ሳትጠየቅ አትናገርም፤ እሷ ግን ተናገረች።

«ሆዷ ውስጥ ላስቲክ ከሌለ የእኔን ጊደር ይንዱ፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አለች። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ።

አባ ተገኘ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ተመካከሩ። «እንዲህ ይሁን» አሉ። «ላስቲክ ከተገኘ የሚያዝያው ፍርድ ፈርሷል፤ ጊደሯ ያኔም የስንዱ ነበረች ማለት ነው። እንግዲህ ስንዱ ትናገር። ትታረድ ትያለሽ?»

እትዬ ስንዱ ተነሥተው ጊደሯ ወደታሰረችበት ሄዱ። ግንባሯን ዳሰሱ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ግራ ጎኗ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ጊደሯ አወቀቻቸው መሰለኝ፤ አንገቷን ወደ እሳቸው አዞረች።

«ትታረድ» አሉ።

ያረደው ካሣ ነው። ጨጓራዋን በቢላ ሲሰነጥቀው ሰው ሁሉ ተጠጋ። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ሳበ። እየጎተተ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ተራመደ፤ ላስቲኩ ግን አላለቀም። ቀልደኛው ካሣ ያን ቀን ምንም አልቀለደም።

አያ ባየህ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሩን የዘጉት ጎረቤቶች መሬት መሬት ያያሉ። አባ ተገኘ እትዬ ስንዱ ፊት ቆሙ።

«ስንዱ፣ ይቅር በይን።»

«እናንተ ምን አደረጋችሁ አባ? አላያችሁም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። «አንተ ግን አይተህ ነበር፣ ልጄ።»

ወረቀቱ ወጥቶ ከሥሩ እርማቱን ጻፍሁ። ብቸኛዋ ከብታቸው የራሳቸው መሆኗ በጽሑፍ ሲጸናላቸው እሷ ዛፉ ሥር በየብልቷ ተቆራርጣ ተኝታ ነበር። ሥጋውን በጾም አይበሉት፤ ዝናብ ነውና ቋንጣውም እንደሚበላሽባቸው ያውቁ ነበር። ልጆቻቸው እየተመላለሱ ወደ ቤት አገቡት። ላግዛቸው ብዬ አንዱን ብልት ሳነሣ ትልቋ ከእጄ ተቀብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ጥቁር ዳመና ነበር። ጎርፉ መምጣቱ ሲሰማ ሰዎቹ ወደ አሸዋው ሮጡ። እያንዳንዱ የላስቲክ ገንዳውን ነቀለ። እሾህ ላይ ያለውንም፣ በአሸዋ የተቀበረውንም እየጎተቱ ወንዙ መካከል ከመሩት። ይቃጠል መስሎኝ ነበር። ጎርፉ እንዲወስደው መሆኑን ስረዳ ከፊታቸው ቆምሁ።

«ይኼ እኮ ታች ወርዶ ሌላ አሸዋ ላይ ነው የሚቀረው። ከድንበሩ ማዶ ገላባትም ከብት አለ፤ እነሱም እንደ እኛ ናቸው። እባካችሁ፣ እሳት እንልቀቅበት።»

ካሣ የያዘውን ላስቲክ ክምሩ ላይ ጣለና ደም በነካው እጁ ላቡን ጠረገ።

«ያኔ እያጨበጨብን ሰማንህ» አለኝ። «ሦስት ጊዜ ተጠይቀህ ዝም ስትልም ሰማንህ። ዛሬ ደግሞ የሱዳን ከብት አሳዘነህ? ዞር በልልኝ።»

ማንም አልሰማኝም። አልፈርድባቸውም። በየካቲት የማላውቀውን ስናገር አጨበጨቡልኝ፤ በሰኔ የማውቀውን ስናገር ቃሌ ዋጋ አልነበረውም። ያን ዋጋ ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ጎርፉ ቡናማ ሆኖ መጣ፤ ክምሩን አነሣው፤ ላስቲኩ ነጭ ሆኖ እየተገላበጠ ወደ ድንበሩ ወረደ። ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

አሁን ይህን ስጽፍ የሚሰማኝ ጸጸት ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የሚሰማኝ ፍርሃት ጭምር ነው። ታች አንዲት የማላውቃት ሴት ውሃ ስትቀዳ፣ ላሟ ገንዳው አጠገብ ሣር በሌለበት ስታላምጥ ይታየኛል። ለእሷ ወረቀት ላይ እርማት የሚጽፍላት የለም። እትዬ ስንዱ ሰላም ይሉኛል፤ ስለ ትምህርቴም ይጠይቁኛል። ቀና ብዬ ልመልስላቸው ግን አልቻልሁም።

ጊደሯ የታረደችውም፣ ላስቲኩ በጎርፍ የሄደውም በአንድ ቀን ነው፤ ሰኔ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.።